መጤ ነው ወይስ ተወላጅ?
ዛሬ ዕፅዋት የምታጠና ጓደኛዬ ሁለት የቴምር ዘር መዳፌ ላይ አስቀምጣ «የዱሩ የቱ ነው?» አለችኝ። አንዱ ረዘም ቀጠን ያለ፣ ሌላው አጠር ሞላ ያለ። የሁለቱም ሆድ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የወረደ ስንጥቅ አለ፤ ጀርባቸው ላይ ደግሞ መርፌ የወጋው የምትመስል ነጥብ። ጽንሱ ያለው እዚያች ነጥብ ሥር ነው። ሰው ሲያለማው የኖረ ቴምር ዘሩ ይረዝማል፣ የዱሩ ያጥራል አለችኝ።

ወሬው ከምዕራብ አፍሪካ ማዶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ባሉት በኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ስለሚበቅል ቴምር ነበር። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኦጉስት ሸቫሊዬ እ.ኤ.አ. በ1935 ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብሎ ስም አወጣለት። ችግሩ፣ ከተራው ቴምር ጋር በጣም ይመሳሰላል። ፖርቱጋሎች በ15ኛው መቶ ዘመን ሲሰፍሩ ደሴቶቹ ላይ ሰው አልነበረም። ታዲያ ዛፉ ቀድሟቸው የነበረ ነው ወይስ በልተው ከጣሉት ዘር በቅሎ ወደ ዱር የሸፈተ? እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የዘረመል ጥናት ከተራው ቴምር ጋር የቅርብ ዘመድ፣ ግን የተለየ ሆኖ አገኘው።

ተፈታ እንዳትሉ። ጥቂት ዘር ደሴት ላይ ደርሶ ለብቻው ሲራባ፣ ወፍም ያምጣው መርከበኛ፣ ከወገኑ መለየቱ አይቀርም። መለየቱ ብቻውን መቼ እንደመጣ አይነግረንም። ለዚያ ከሰሜን አፍሪካም ከእስያም፣ ከዱሩም ከለማውም ቴምር ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

እኔን የሚያበሳጨኝ «ተወላጅ» ከተባለ አጥር የሚታጠርለት፣ «መጤ» ከተባለ ዞር ብሎ የሚያየው የሚጠፋ መሆኑ ነው። በመርከብ ቢመጣስ? ያለ ገበሬ፣ በዚያ ድርቅ ለትውልድ ከቆየ፣ ቴምር ለሚያዳቅል ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?