ኮፒ የስልክ እቃ ስትገዙም ስትሸጡም
ስክሪን ሲሰበር "ኦርጅናል ነው" ተብሎ ይሸጥላችኋል፣ ግን ብዙ ጊዜ ኦሌዱን (በራሱ የሚያበራውን ስክሪን) አውጥተው ኤልሲዲ (ከጀርባው መብራት የሚፈልግ ስክሪን) ነው የሚገጥሙት፣ ቻርጅ ቶሎ ይጨርሳል። እኔን ግን ከስክሪን በላይ የሚያስፈራኝ ባትሪ ነው፣ ከልክ በላይ ቻርጅ እንዳያደርግ የሚቆርጠው ትንሽዬ ሰርኪዩት ደካማ ከሆነ ያብጣል፣ ሊቃጠልም ይችላል፣ ያበጠ ካያችሁ በጭራሽ እንዳትጫኑት እንዳትወጉት! አይፎን 11 እና ከዛ በኋላ የወጡት ላይ ደግሞ ኮፒ ስክሪን ከገባ ሴቲንግ ውስጥ ይጽፈዋል፣ መልሳችሁ ስትሸጡ ገዢው ያየዋል።

ሻጮችም ስሙኝ፣ ሎጎ ያለበት ኮፒ ማስመጣት ያስከስሳል። ኖርዌይ ውስጥ አንድ ጠጋኝ ያስመጣቸው 63 ስክሪኖች ጉምሩክ ላይ ተይዘው፣ ሎጎው በቀለም ተሸፍኖ እንኳ በፈረንጆቹ 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለአፕል ፈረደ። እኔ ፍርዱ አልተዋጠልኝም፣ ቢሆንም ኮፒውን ኮፒ ነው ብላችሁ ሽጡ፣ ደረሰኙም ላይ ጻፉት።