«ለድካሟ» የተሰጠ ነጥብ

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን አሁንም ይቆጨኛል። የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ትምህርት ላይ የቤት ሥራውን ጥያቄ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ የእርማት መመሪያውን ያዘጋጁትና ያረሙት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ጥያቄው አጭር ነው፦ 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 147573952589676412927 ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) አለመሆኑን አሳዩ። ዐሥር ነጥብ።

መመሪያው ላይ የሰፈረው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ 193707721 ሲባዛ በ761838257287። አብዛኞቹ ተማሪዎች ይህንኑ መስመር ከኢንተርኔት ገልብጠው ዐሥር ከዐሥር ወሰዱ። አንዲት ልጅ ግን ስድስት ገጽ አስረከበች። እንዲህ ያለ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን አካፋዩን ሳይፈልግ የሚለየውን የሉካስና የሌመርን ፈተና ተከትላ ከ4 ትነሳለች፤ በራሱ ታባዛዋለች፣ 2 ትቀንሳለች፣ የተገኘውን ለዚያ ባለ 21 አኃዝ ቁጥር አካፍላ ቀሪውን ብቻ ትይዛለች፤ ከዚያ እንደገና እንዲሁ፣ 65 ጊዜ። በኮምፒውተር ያሰላቻቸውን ቀሪዎች አንድ በአንድ በእጇ ጽፋቸዋለች። የመጨረሻው ዜሮ ቢሆን ቁጥሩ ብቸኛ በሆነ ነበር፤ ዜሮ አልሆነም። «ስለዚህ ብቸኛ አይደለም» ብላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራለች። ከጎኑ በቀይ ስክሪብቶ «አካፋዩ የት አለ? 0» ተብሏል።

ወረቀቱን ይዤ ቢሮአቸው ገባሁ።

«ሌባውን ሳይዙ ሌባ ገብቷል ይባላል እንዴ?» አሉኝ።

«በሩ ተሰብሮ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ይባላል እንጂ» አልኳቸው።

ጠመኔ አንስቼ በትንሹ ቁጥር አሳየኋቸው። 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ 2047 ነው። ከ4 ተነሣሁ፦ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1877፣ 240፣ 282፣ 1736። ዘጠኝ እርምጃ፤ መጨረሻው ዜሮ አይደለም።

«ይህማ 23 ሲባዛ በ89 መሆኑን አስቀድመህ ስለምታውቅ ነው።»

«ከዘጠኙ እርምጃ በየትኛው ላይ ነው 23ን የተጠቀምኩት?»

ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። መልስ አልሰጡኝም።

የቁጥሩንም ታሪክ ነገርኳቸው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ሜርሴን በ1644 ብቸኛ ነው ብሎ መዝግቦት ነበር። ፈተናው በስሙ የሚጠራው ሉካስ በ1876 አለመሆኑን ሲያረጋግጥ አንድም አካፋይ በእጁ አልነበረም። እሳቸው መመሪያቸው ላይ ያሰፈሩትን መስመር አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኮል ኒው ዮርክ ላይ ለሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ያቀረበው በ1903 ነው፤ 27 ዓመት ቆይቶ። «በእርስዎ መመሪያ ከሄድን ሉካስም ዜሮ ነው የሚያገኘው» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ዝቅ አላደርገውም።

በማግስቱ ወረቀቱ ተመለሰ። ዜሮው ተሰርዞ 5 ተጽፎበታል፤ አጠገቡ አንዲት ቃል አለች፦ «ለድካሟ»። ከዜሮው ይልቅ የጎዳችኝ ይህቺ ቃል ናት። ልጅቱ ያቀረበችው የተሟላ ማረጋገጫ ነው። ቁጥሩ እንደሚከፈል ማወቅና ምን ከምን ጋር ተባዝቶ እንዳስገኘው ማወቅ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው፤ ያንን ከገልባጮቹ ሁሉ የተረዳችው እሷ ብቻ ነበረች። ወረቀቱን ስመልስላት ነጥቡን አየች፣ ቃሏን አነበበች፣ ስድስቱን ገጽ አስተካክላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አመሰግናለሁ መምህር» ብላ ወጣች።

በዓመቱ ጥያቄውን ስቀይር በ67 ፋንታ 1277 አደረግሁት። ውጤቱ ባለ 385 አኃዝ ቁጥር ነው፤ ብቸኛ አለመሆኑ ተረጋግጧል፣ አካፋዩን ግን እስካሁን ያገኘ ሰው የለም። የእርማት መመሪያውንም ራሴ ጻፍኩት፤ 1275 እርምጃ፣ የመጨረሻው ቀሪ፣ ሌላ ምንም። ኃላፊው ገጹን ገልብጠው ከጀርባው ፈለጉ።

«አካፋዮቹስ?»

«የሚያውቃቸው የለም።»

ብዕራቸውን አንሥተው ፈረሙ። እሷ ግን ያን ጊዜ ተመርቃ ሄዳለች፤ መዝገቧ ላይ ያለው 5 እንደሆነ 5 ነው።