«በማን ነው የታወቀችው?»

ተከላካይ ጠበቃ ሆኜ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የደረሰኝ መዝገብ ነው። የግድያ ይግባኝ። ክልሉንም ፍርድ ቤቱንም አልጠራም፣ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ነገሩ የተፈጠረው ቆላ ውስጥ ነው። የአንድ ገበሬ ልጅ ታመመች፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ትኩሳቱ ጠናባትና መቃዠት ጀመረች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ «ተበልታለች» ተባለ፣ አጠኗት። በጢሱ መሀል «ማነው የበላሽ?» እያሉ ሲያጣድፏት ልጅቷ ለፈለፈች። የጠራችው ከወንዙ ማዶ ሸክላ የምትሠራ ሴትን ነው። ሌላ ማንን ትጥራ? ቡዳ ሲባል የሰማችው የእሷን ስም ብቻ ነው።

አባትየው ሦስት ሌሊት አደረ። በአራተኛው ጠዋት ሴትየዋ ማሰሮ ልትተኩስ እንጨት ስትደረድር ደረሰባትና በመጥረቢያ እጀታ መታት። አንዴ ብቻ አይደለም።

ፖሊሶቹ እሱን ሊይዙ ሲመጡ የታመመችውን ልጅ አዩና ጤና ጣቢያ አስወሰዷት። ካርዷ መዝገቡ ላይ ተያይዟል። ወባ ይላል። መጀመሪያ መርፌ፣ ከዚያ ኮአርተም፣ ያው ሦስት ቀን የሚዋጠው ኪኒን። ዳነች። አባትየው ያሳለፋቸው ሌሊቶችም ሦስት ነበሩ። ይቺን ቁጥር እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም።

ማረሚያ ቤት ሄጄ ልጁ ወባ እንደነበረባት ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ወባውን ማን ላከባት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

የሥር ፍርድ ቤት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ጥፋተኛ ብሎ 16 ዓመት ፈርዶበታል። 540 ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ነው። እኔ የፈለግኩት 541ን ነበር፣ ምክንያቱም እሱ ቢበዛ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ነው። ለዚያ ግን ሰውየው በድንገተኛና በከባድ የስሜት ግፊት ውስጥ ሆኖ እንደገደለ ማሳየት አለብኝ፣ ሦስት ሌሊት አድሮ የሚመታ ሰው ደግሞ ድንገተኛ ነው ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። ስለዚህ 82ን እንደ መጠባበቂያ ያዝኩ። ቀድሞ መልካም ጠባይ የነበረው ሰው ባለማወቅ ወይም በየዋህነት ካጠፋ ቅጣት ይቀልለታል ይላል።

ይህ እንዲሠራ እምነቱ የእሱ ብቻ ሳይሆን የአገሬው እንደሆነ መታየት አለበት ብዬ አሰብኩ። ማመልከቻ ለማስገባት የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰን ጀምሮ 30 ቀን ነበረን፣ እኔ የጻፍኩት በሃያ ዘጠነኛው ማታ ነው። (የመዝገብ ብዛት ነበር፣ ግን ሰበብ ላለማብዛት ልተወው።) እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሟች በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ቡዳ በመባል የምትታወቅ ስትሆን…»

ሳነበው ደስ አለኝ። የጠበቃ ዐረፍተ ነገር መሰለኝ።

በክርክሩ ቀን እሷኑ ጮክ ብዬ አነበብኳት። ሰብሳቢ ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጠበቃ፣ እዚያ ላይ ቆም ይበሉ። በማን ነው የታወቀችው?»

«በአካባቢው ማኅበረሰብ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ይህን ያለ ምስክር አለ?»

መዝገቡን መገልበጥ ጀመርኩ። አራት ምስክሮች ነበሩ። ሁለቱ ከእሷ እንስራ ገዝተው ያውቃሉ። አንዱ የሚያውቃት ገበያ ላይ ነው። አራተኛው ሩጫውንና ጩኸቱን ብቻ ነው የተናገረው። «ቡዳ» የሚለው ቃል ያለው ተከሳሹ ለፖሊስ በሰጠው ቃል ውስጥ ነው፣ እሱም ልጄ ጠራቻት አለ እንጂ አገር ያውቃታል አላለም። «ትታወቃለች» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ከየት እንዳመጣሁትም አውቃለሁ። ያደግኩት ሸክላ ሠሪ ሲያልፍ ልጁን በነጠላ በሚሸፍን ሰው መሀል ነው። ጠንቋይ ቤት ከፍሎ ይገባል፣ ሸክላ ሠሪዋን ግን ዓይኗን አያይም።

ላብ አጠመቀኝ። «ምስክር የለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ። ዐቃቤ ሕጉ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ደግነቱ ምንም አልጨመረም።

ዋናው ግን ኮሪደሩ ላይ ነው የደረሰብኝ። ችሎቱ ሲነሣ አንዲት ወጣት ሴት ተከትላኝ ወጣች። የሟች ልጅ ነበረች። የጥፍሮቿ ሥር ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር። ስድብ ጠብቄ ነበር፣ አልተሳደበችም።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያቺ ያነበቧት ቃል ከወረቀቱ ትፋቃለች?»

«የትኛዋ?»

«ያቺ ስለ እናቴ ያሉት።»

መዝገብ ላይ የገባ እንደማይፋቅ ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

«እሱ እናቴን ገደላት። እርስዎ ደግሞ እኔን ጻፉኝ» አለችኝና ሄደች።

ለመረዳት ደረጃውን እስክወርድ ድረስ ፈጀብኝ። ቡዳነት በዘር ነው የሚባለው። እናቲቱ ናት ከተባለ ልጅቱም ናት፣ የምትወልዳቸውም ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ነበር፣ እኔ ቁጥርና ማኅተም ሰጠሁት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን «ጠይብ» እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ ያስነገሩበት አገር ነው ይሄ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሕግ የተማርኩት እኔ ያንኑ በኮምፒውተር ጻፍኩት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ተነሥቼ ቃሉ እንዲታረም ጠየቅኩ። «ይግባኝ ባይ፣ ሟች ቡዳ ናት ብሎ በማመኑ» ተብሎ እንዲያዝልኝ። ለደንበኛዬ ክርክርም የሚሻለው ይሄ ነበር፣ 82 የሚጠይቀው ሰውየው ምን አመነ ነው እንጂ ሴትየዋ ማን ነበረች አይደለም። ይህን በሃያ ዘጠነኛው ማታ ባስበው ኖሮ። ዳኛው ተመዝግቧል አሉ።

ውሳኔው ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ጥፋተኝነቱ ጸና፣ 541 በሦስቱ ሌሊቶች ምክንያት ውድቅ ሆነ፣ 82 ተቀባይነት አግኝቶ ቅጣቱ ወደ 13 ዓመት ወረደ። ቢሮ ውስጥ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም።

ግልባጩን ከሬጅስትራር ተቀብዬ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ፍርድ ቤቱ በራሱ ትንተና የተስተካከለውን ቃል ነው የተጠቀመው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን የይግባኙ ቅሬታ እንደወረደ ተገልብጧል፦ «ሟች በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ቡዳ በመባል የምትታወቅ ስትሆን…» ከሥሩ የኔ ስም አለ።

አንድ ግልባጭ ለሟች ቤተሰብ ወጪ ተደርጓል አለኝ ጸሐፊው። ማን ፈርሞ እንደወሰደ ጠየቅኩት። ደብተሩን አዞረልኝ። ፊርማ የለም፣ የአውራ ጣት አሻራ ነው።