አጎቴ በእርሳስ የጻፈው

ባለፈው ክረምት የአጼ ቴዎድሮስን ሁለት ዜና መዋዕሎች ለአጎቴ አዋስኩት፤ የደብተራ ዘነብንና የአለቃ ወልደ ማርያምን። የዘነብን በሦስት ቀን ጨረሰው። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም የነገሡበትን ክፍል ስልክ ደውሎ አነበበልኝ። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» አለኝ።

የወልደ ማርያምን ለማስመለስ ግን ስንት ጊዜ ለመንኩት። ሲመጣ ዳር ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል፦ «ውሸት!»፣ «ቂም ነው!»። ጎንደር የተቃጠለችበት ገጽ ላይ ምንም አልጻፈም። ገጹን አጥፎታል እንጂ። (መጽሐፍ ማጠፍ ነውር ነው ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው።) እኛ ጎንደሬዎች በዚህ ሰውዬ ነገር ሆዳችን ለሁለት ተከፍሏል፤ ለልጆቻችን ካሳ ብለን ስም እናወጣለን፣ የተዘረፉትን አብያተ ክርስቲያናት እየቆጠርን እናዝናለን።

እናቴ ደግሞ የምታነበው እቴጌ ተዋበች ያለችበትን ብቻ ነው። «እሷ ባትሞት ኖሮ እንዲህ አይከፉም ነበር» ትላለች። እኔ አይመስለኝም። ለአንድ ደብር 2 ካህንና 3 ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገበሬ ይሁን ያሉ ንጉሥ ከካህናቱ ጋር መጣላታቸው የማይቀር ነበር። ሚስት ይህን አታስታርቅም።

አጎቴ የሚያዝያ 6 ቀን 1860ን ሽጉጥ በቃሉ ያወራዋል። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ መቅደላ ላይ ወደ ገደል ስለተወረወሩት እስረኞች አንብቦ እንደሆነ ግን እስካሁን አልጠየቅኩትም።