ኦፓሌን ከነውኃው አስገምቼ ሮያሊቲ ከፈልኩ

የኦፓል፣ የዚያ ቀለም የሚያብለጨልጭ የከበረ ድንጋይ፣ ንግድ ፈቃድ ማውጣቱ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ወሎ ውስጥ ከደላንታ ቆፋሪዎች ጥሬ ድንጋይ መግዛቱም እንደዚያው፤ ካመኑህ ይሸጡልሃል። እኔን የጎዳኝ ሮያሊቲው፣ ማለትም ለመንግሥት የሚከፈለው የማዕድን ድርሻ፣ የሚሰላበት የዋጋ ግምት ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ለእናንተ ልንገራችሁ።

የገዛሁት ኦፓል ውኃ በሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ነበር። እንዳይሰነጠቅ ብዬ እንዳለ ይዤው አዲስ አበባ ገባሁ። ገማቹ ፊት ውኃውን አፍስሼ፣ ድንጋዩን በጨርቅ አበስ አበስ አድርጌ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ፤ 2 ኪሎ ከ180 ግራም።

በ2000 ዓ.ም. ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል። ላዩ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ነው። ክብደቱ ብቻ ቢሆን እሰየው ነበር፤ ደርቆ ወተት የሚመስለው ድንጋይ ሲርስ እንደ መስታወት ያሳልፋል። ገማቹ አንዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረና «ይሄማ ጥርት ያለ ነው» ብሎ ከፍተኛው ደረጃ ውስጥ መደበው።

«ጌታዬ፣ ርሶ ነው እኮ፤ ሲደርቅ ይነጣል» አልኩት።

«እኔ የምገምተው ያመጣኸውን ነው።»

ከኋላዬ ወረፋ ነበር፣ ገዢዬም ይደውላል። ፈረምኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ፊርማ ነው።

ቤት ወስጄ ጥላ ውስጥ በወረቀት ላይ ዘረጋሁት። በ9ኛው ቀን 2 ኪሎ ከ15 ግራም ሆነ። 165 ግራም ውኃ፣ ያውም ጥርት ባለ ድንጋይ ዋጋ! ሮያሊቲ የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከዋጋ ነውና ብከስርም ክፍያው አልቀረልኝም። አቤት ስል የራሴን ፊርማ አውጥተው አሳዩኝ። አንድ ባለሙያ ሲገምት እርጥብና ደረቁን አለመለየቱ ዛሬም ያናድደኛል።

ስለዚህ ከጠርሙሱ አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ አድርቁት፤ ፀሐይና እሳት ግን አታስጠጉት። በዚህ መሃል የሚሰነጠቅ ይኖራል። ይሰንጠቅ! ከተገመተ በኋላ ከሚሰነጠቅ ይሻላል። «ለፍጥነት በጅምላ አምጡት» ቢሏችሁም አትስሙ፤ በየደረጃው ለይታችሁ፣ እያንዳንዱን ለብቻው አስመዝግቡ። አለዚያ አሥር ጥሩ ድንጋይ የተራውን ሁሉ ዋጋ ይሰቅለዋል።

እኔ አሁን በየማለዳው እመዝናለሁ። ቁጥሩ ሦስት ቀን ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ድንጋዩን ከረጢት ውስጥ አስገብቼ ወደ ግምት እሄዳለሁ።