በሩ አልጮህ አለን

በስደት ከምኖርበት ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰባሰብ ጥቂት የቴአትር ወዳጆች አለን። በሳምንቱ ቀናት ሌላ ሌላ ሥራ ላይ ነን። ዘንድሮ የኖርዌያዊውን ጸሐፌ ተውኔት የሄንሪክ ኢብሰንን «የአሻንጉሊት ቤት» ወደ ስደተኛ ቤት እናምጣው ተባለና ውርስ ትርጉሙ እኔ ላይ ወደቀ።

ስም መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጣጣው ብድሩ ነው። ቴአትሩ በ1879 (እ.ኤ.አ.) ኮፐንሃገን ላይ መጀመሪያ ሲታይ፣ በዋና ገጸ ባሕሪዋ በኖራ ዓለም ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ አትበደርም። ኖራ የታመመ ባሏን ለማዳን በድብቅ ትበደራለች፤ የዋስነቱንም ፊርማ በአባቷ ስም ራሷ ትፈርማለች። ዛሬ ሴቲቱ ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ ትበደራለች። ምስጢሩ ተነነ፤ ምስጢር ከሌለ ደግሞ ቴአትሩ የለም። ሁለት ሳምንት ስባዝን ከረምኩ።

መውጫው የተገኘው ከራሳችን ኑሮ ነው። የእኛዋ ኖራ የመኖሪያ ፈቃዷ በባሏ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እሱ ታሞ ከሥራ በቀረበት ዓመት ፈቃዱ እንዳይቃጠል ብላ ሐሰተኛ የሥራ ደብዳቤ አሠራችለት። ደብዳቤውን ያዘጋጀው ሰውዬ አሁን ያንኑ ይዞ ያስፈራራታል።

የፖስታ ሳጥኑን ላወጣው ነበር፤ በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል ብዬ። በዋናው ድርሰት የሳጥኑ ቁልፍ ባልየው ጋ ነው፤ ኖራ ጉዷን የያዘውን ደብዳቤ በመስታወቱ አሻግራ ታየዋለች እንጂ ልታወጣው አትችልም። ኋላ ሳስበው ግን፣ ለሌላው ሰው ደብዳቤ ቢቀርም የስደተኛ ዕጣ ዛሬም በፖስታ ነው የሚመጣው። ያን ፖስታ ቤት እስኪገባ መታገሥ አቅቶት ደረጃው ላይ ያልቀደደው ማን አለ? ልምምድ ላይ ባልየው ቁልፉን ሲያወጣ የሚያስቀው ሰውዬ እንኳ ዝም ይላል።

ያልነካሁት ንግግርም አለ። ባልየው አደጋው ማለፉን ሲያውቅ «ዳንኩ! ኖራ፣ ዳንኩ!» ይላል። እሷ «እኔስ?» ትለዋለች።

የተጨቃጨቅነው ኖራ ባሏንና ልጆቿን ጥላ በምትወጣበት መጨረሻው ላይ ነው። ኖራን የምትጫወተው እህት «ልጆቿን ጥላ አትወጣም» ብላ ድርቅ አለች። ጀርመን አገርም አንዲት ተዋናይት እንዲሁ ስላለች ኢብሰን በ1880 ኖራን ቤት የሚያስቀር መጨረሻ እያንገሸገሸው ጽፏል። ይህን ብነግራት «ያቺኛዋ እኮ ወረቀት የሚቃጠልባት አልነበረችም» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከብዙ ክርክር በኋላ «እሺ እወጣለሁ፤ ግን የምሄድበትን እንደማውቅ ሆኜ አይደለም» አለች።

ኢብሰን የጻፈው መዝጊያ ከውጭ የሚሰማ የበር ጩኸት ነው። የእኛ አዳራሽ በር ደግሞ የእሳት መከላከያ ነው፤ ቢወረውሩትም በራሱ ጊዜ፣ ቀስ እያለ ነው የሚገጥመው። ሌላ በር ፈለግን፣ አልነበረም። በመጀመሪያው ምሽት እሷ ወጣች፤ በሩ እያዘገመ ሲመለስ፣ ተመልካቹ በክፍተቱ ውስጥ ካፖርቷን ሳትቆልፍ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ግራና ቀኝ ስታይ አያት። ከዚያ ገጠመ።