ለሠራተኞቹ አልከፍት ያለው በር

የአንድ መሥሪያ ቤት መግቢያ በር ላይ የነበረው ካርድ አንባቢ ተበላሽቶ በአዲስ ተተካ። በማግስቱ በሩ ከጥቂት ሰዎች በቀር ለማንም አልከፍት አለ። አንባቢው ለሻጩ ይመለስ ሲባል፣ አንዲት ባለሙያ ያለፉትን ሰዎች ካርድ ሰብስባ መለያቸውን አየች። ሁሉም ከ0 እስከ 9 ባሉ አሃዞች ብቻ የተጻፉ ናቸው፤ ፊደል ያለበት አንድም አላለፈም።

አንባቢው መለያውን የሚልከው በሄክሳዴሲማል፣ 8 ካራክተር አድርጎ ነው፤ ይህ መሠረቱ 16 የሆነ አጻጻፍ ሲሆን ከ0 እስከ 9 ካሉት አሃዞች ቀጥሎ ከ10 እስከ 15 ያሉትን በእንግሊዝኛ ፊደሎች ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ይጽፋል። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ካራክተር ወደ ቁጥር ሲለውጥ ከአስኪ ኮዱ፣ ማለትም ኮምፒውተር ለምልክቱ ከሚሰጠው ቁጥር፣ 48 ይቀንሳል። ለአሃዞች ልክ ነው፤ የ«0» ኮድ 48፣ የ«9» 57 ነውና። ካፒታል «ኤ» ግን ወዲያው አትከተልም፤ መሀል 7 ምልክቶች ገብተው 65 ላይ ነች። 10 መሆን ሲገባት 17 ትወጣለች። ስሞሏ 97 ስለሆነች 49 ትሆናለች። የድሮው አንባቢ በካፒታል ይልክ ነበር፣ አዲሱ በስሞል። ሁለት ሁለት ካራክተር አንድ ባይት ይሆናል፤ የመጀመሪያው በ16 ተባዝቶ ሁለተኛው ይደመርበታል። «1ኤፍ» የሚለው ባይት ትክክለኛ ዋጋው 31 ሆኖ ሳለ በድሮው 38፣ በአዲሱ 70 ሆኖ ገባ።

ታዲያ እስከዚያ ቀን እንዴት ሠራ? ምዝገባውም መግቢያውም በዚያው የተሳሳተ ስሌት ስለሚያልፉ ሁሌም ይገጥማሉ። አደገኛው ይህ ነው። 38 የ«26»ም ዋጋ ነውና፣ በቀሪው ተመሳሳይ ሆነው አንዱ «1ኤፍ» ሌላው «26» ያለባቸው ሁለት ካርዶች ለሶፍትዌሩ አንድ ሰው ናቸው።

የሚመጣውን ሁሉ ወደ ካፒታል መለወጥ በሩን ወዲያው ያስከፍታል፤ የካርዶቹን መደባለቅ ግን እንዳለ ይተወዋል። ትክክለኛው መንገድ ለአሃዝ 48፣ ከካፒታል «ኤ» እስከ «ኤፍ» 55፣ ለስሞሎቹ 87 መቀነስ፣ ሌላውን ሁሉ አለመቀበል ነው። አለመቀበሉ መዘለል የለበትም፤ አንዳንድ አንባቢ ባይቶቹን በ«:» ይለያል፣ የእሷ ኮድ 58 ስለሆነ 10 መስላ ሹልክ ትላለች። በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ለዚሁ የተዘጋጀው «ካራክተር.ዲጂት» የተባለው ትእዛዝ መሠረቱ 16 ተብሎ ሲሰጠው፣ ለማያውቀው ካራክተር -1 ይመልሳል፤ እሱን ሳያዩ መደመር ሌላ ስህተት ይወልዳል።

ኮዱ ሲታረም ዳታቤዙ አብሮ አይታረምም። የተቀመጠው 38 ከ«1ኤፍ» ይምጣ ከ«26» መለየት ስለማይቻል ወደ ኋላ መመለሻ ስሌት የለም። ሠራተኛው ሁሉ ካርዱን እንደገና ማስነበብ ነበረበት፤ መለያውም በዚህ ጊዜ በቁጥር ሳይሆን በካፒታል ጽሑፍ እንዳለ ተቀመጠ።